ሙቀቱ ሳይሰማ

«ብርሃን» የሚለውን ቃል በዚህ መጽሔት ላይ ስታዩ ምን እንደምትጠብቁ ዐውቃለሁ። እኔም በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ያደግሁ ነኝ። ቃሉ ገና ከሰባኪው አፍ ሲወጣ ጣታችን ወደ ዮሐንስ ወንጌል ይሮጣል። ዛሬ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ለእነዚህ ጥቂት ገጾች ብርሃንን ምሳሌ አታድርጉት። ራሱን ተመልከቱልኝ፤ በመስኮት የሚገባውን፣ ከብየዳ ቤት ብልጭ የሚለውን፣ የሚለካውን ብርሃን። ምሳሌ ስናደርገው ቶሎ ብለን እናልፈዋለን። እኔ ደግሞ ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ሳላልፈው ቁጭ ብዬ የማጠናው እሱኑ ነው።

የምኖረው ጀርመን አገር ዬና በምትባል ከተማ ነው። የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ሥራዬ እጅግ አጭር በሆነ የሌዘር ብርሃን ብረት ላይ ጥቃቅን መስመሮችን መሥራት ነው። መስመሮቹ በዐይን አይታዩም፤ የሚለኩትም በናኖሜትር ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የአንድ ዘለላ ጠጉር ውፍረት ከ50,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። የእኔ መስመሮች አንዱ ከአንዱ የሚርቁት ወደ 900 ናኖሜትር ነው፤ በአንድ ጠጉር ላይ መቶ ያህል ጎን ለጎን ይሰለፋሉ ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ እለዋለሁ። ሻሸመኔ ውስጥ ትንሽ ብየዳ ቤት አለው። አባታችን ሲያርፍ እሱ ዐሥረኛ ክፍል ነበር፤ እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ደብተሩን አስቀምጦ ኤሌክትሮድ ያዘ። እኔ የተማርኩት በዚያ ኤሌክትሮድ ነው። የጸሎት ቤታችን አግዳሚ ወንበሮች እግር፣ የመስኮቶቹ ፍርግርግ፣ የመዘምራኑ መድረክ ደረጃ የእሱ እጅ ሥራ ነው። በደወልኩ ቁጥር ሌሎች ዘመዶቼ «መቼ ትጨርሳለህ?» ይሉኛል። ጋሼ ግን የሚጠይቀኝ ሌላ ነው፦ «በትክክል ምንድን ነው የምትሠራው?» በያጅ ስለሆነ ሥራ ይወዳል፤ «ምርምር ነው» ብላችሁ አታልፉትም። በስልክ በቁርጥራጭ ነግሬዋለሁ። ለእናንተ ግን ከራሱ ሥራ ተነሥቼ ላስረዳ።

ቀጭን ላሜራ በይዶ የሚያውቅ ከእናንተ መካከል ካለ ይህን ያውቃል፦ ሙቀት ያስቀመጡት ቦታ አይቀመጥም። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ከበየዳችሁት ላሜራው ይጎብጣል፤ በሩ «አልገጥምም» ይላል። ስለዚህ ጋሼ እዚህ ጥቂት ይበይዳል፣ ዘሎ እዚያ ጥቂት ይበይዳል፣ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ተመልሶ መካከሉን ይሞላል። ልጅ ሳለሁ ትዕግሥት አልነበረኝም። «ለምን በአንዴ አትጨርሰውም?» ስለው «ሙቀቱ ሳይሰማ ነው የምሠራው» ይለኝ ነበር። ሙቀት እንደ ወሬ ነው፤ አንድ ቤት ከደረሰ ሰፈሩን ያዳርሳል።

በሌዘር ብረት መቁረጥም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት ሥራ ነው። ብርሃኑ ያቀልጣል፣ ጋዝ የቀለጠውን ገፍቶ ያወጣል። ጠርዙ ላይ ግን የተቃጠለ፣ የደነደነ ቀጭን ድንበር ይቀራል። ለበር ምንም አይደለም። ሥራችሁ በናኖሜትር የሚለካ ከሆነ ግን ያ ድንበር ሥራውን ራሱን ይውጠዋል፤ በብርዕ ፈንታ በመጥረጊያ እንደ መጻፍ ነው።

ታዲያ መፍትሔው የብርሃኑን ጉልበት መቀነስ ይመስላችኋል። አይደለም። መፍትሔው ጊዜውን ማሳጠር ነው።

እኛ የምንጠቀምበት ሌዘር ብርሃኑን የሚሰጠው በምት በምት ነው፤ እያንዳንዱ ምት የሚቆየው 300 ፌምቶሰከንድ ያህል ነው። አንድ ፌምቶሰከንድ ማለት አንድን ሰከንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ስታካፍሉት የሚደርስላችሁ ነው። ይህ ቁጥር ለጆሮ ባዶ ስለሆነ እንዲህ ልበለው፦ አንድ ፌምቶሰከንድ ከአንድ ሰከንድ ጋር ሲነጻጸር፣ አንድ ሰከንድ ከ32 ሚሊዮን ዓመት ጋር እንደሚነጻጸረው ነው። ወይም እንዲህ፦ ብርሃን ከምድር ተነሥቶ ጨረቃ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ብቻ ይበልጠዋል። ያው ብርሃን በ100 ፌምቶሰከንድ የሚጓዘው 30 ማይክሮሜትር ነው፤ የአንድ ጠጉርን ውፍረት እንኳ አያቋርጥም።

አሁን ብረቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ብርሃኑ መጀመሪያ የሚይዘው ኤሌክትሮኖቹን ነው፤ በቅጽበት ይግላሉ። አተሞቹ ግን ገና በየቦታቸው ናቸው፣ ምንም አልሰሙም። ኤሌክትሮኖቹ ሙቀታቸውን ለአተሞቹ ለማስረከብ ጥቂት ፒኮሰከንድ ይፈጅባቸዋል፤ አንድ ፒኮሰከንድ ሺህ ፌምቶሰከንድ ነው። በዚያን ጊዜ ምቱ አልቋል፤ ብርሃኑ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። የተመታችው ቅንጣት ከብረቱ ላይ ተነሥታ ስትበር ጎረቤቷ ወሬው ገና አልደረሳትም።

ይህን ለጋሼ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ሁለተኛው ምት ቶሎ ከመጣስ?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ የሁለት ዓመት ሥራዬ ነው! አዎን፣ ምቶቹ በአንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ቶሎ ቶሎ ከመጡ የእያንዳንዱ ትርፍ ሙቀት ይጠራቀማል፤ ብረቱም በመጨረሻ ይሰማል። ስለዚህ ምን እናደርጋለን? እንደ ጋሼ እንዘላለን። እዚህ አንድ መስመር፣ ራቅ ብሎ አንድ መስመር፣ ከዚያ ተመልሶ መካከሉን መሙላት። የሻሸመኔው ብየዳ ቤትና የዬናው ቤተ ሙከራ በዚህ አንድ ናቸው። ይህን ስል ሊያስደስተኝ ብዬ አይደለም፤ የሥራውን ቅደም ተከተል በወረቀት ሳስቀምጥ ያሰብኩት የእሱን እጅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ቀላል አልተገኘም። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ማይማን አሜሪካ ውስጥ ማሊቡ በሚባል ቦታ ግንቦት 16 ቀን 1960 አበራው፤ ከቀይ የሩቢ ድንጋይ የወጣ ቀይ ብርሃን ነበር። ረዳቱ የነበረው ሰው «መልስ ሆኖ ጥያቄ የሚፈልግ ነገር» ብሎ ይቀልድበት ነበር ይባላል። «ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ የጋሼና የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበረ።

አጭሩን ምት ጉልበተኛ ማድረግ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። አጭር ምት ጉልበቱ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ስለሚሰበሰብ፣ ሊያጎላው የሚሞክረውን መሣሪያ ራሱን ይሰብረዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ዶና ስትሪክላንድ የተባለች ተማሪና መምህሯ ዤራር ሙሩ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ መላ አገኙ። ምቱን መጀመሪያ ከኪሎሜትር በሚበልጥ የመስታወት ክር ውስጥ አሳልፈው በጊዜ ዘረጉት፤ ተዘርግቶ ሲለሰልስ አጎሉት፤ ከዚያ መልሰው ጠቀለሉት። በ2018 ለዚህ ሥራ ከአርተር አሽኪን ጋር የፊዚክስ ኖቤልን ተካፈሉ። በዚህ ሽልማት ታሪክ ስትሪክላንድ ሦስተኛዋ ሴት ናት። ሁለተኛዋን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ከእኔ ሥራ ጋር ይበልጥ የምትገናኘው እሷ ናትና።

በፊት ግን የምኖርባት ከተማ የምታከብረውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዬና ውስጥ የድንጋይ ሐውልት አለ፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የሒሳብ ቀመር ነው። ቀመሩ የኤርንስት አቤ ነው። አቤ በ1873 ያሳየው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ሌንሳችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ብርሃንን ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ ገደማ በታች ወደ ሆነች ነጥብ መሰብሰብ አትችሉም። የአረንጓዴ ብርሃን ሞገድ ወደ 550 ናኖሜትር ነው፤ ስለዚህ ከ250 ናኖሜትር ገደማ ያነሰ ነገር በተለመደው ማይክሮስኮፕ ተለይቶ አይታይም። የማምረቻ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ይታረማል፤ ይህ ግን የብርሃን የራሱ ጠባይ ነው።

ስለ አቤ የምወደው ግን ቀመሩን ብቻ አይደለም። አባቱ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በቀን ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ዐሥራ ስድስት ሰዓት ቆሞ ይሠራ ነበር። ልጁ ምሳ ሲያመጣለት ቁጭ የሚልበት ጊዜ አልነበረውም፤ ከማሽኑ ተደግፎ ቆሞ ይበላ ነበር። አቤ ይህን ካደገ በኋላ በአደባባይ ተናግሮታል። የተማረውም የአባቱ አሠሪ ባደረገለት እርዳታ ነው። በኋላ የካርል ዛይስ ሸሪክ ሆኖ በሀብት በከበረ ጊዜ ድርጅቱን ለራሱ አላስቀረም፤ በ1889 በዛይስ ስም ድርጅቱን የሚረከብ ፋውንዴሽን አቋቋመ። በ1900 ደግሞ የዛይስ ሠራተኞች በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። በዚያ ሐውልት አጠገብ ሳልፍ ሰዎች ቀመሩን ያያሉ። እኔ የማስበው ቆሞ ምሳውን የሚበላውን ሰው ነው፤ አንዳንዴም የጭንብሉን መስታወት ገልብጦ በቆመበት ዳቦ የሚገምጠውን ሌላ ሰው።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ሴት። ማሪያ ጎፐርት ማየር በ1930ዎቹ መግቢያ ላይ፣ ገና ወጣት ሳለች፣ ጀርመን አገር ጎቲንገን ውስጥ አንድ ነገር በሒሳብ አሳየች። አንድ አተም ብዙ ጊዜ የሚቀበለው አንድ የብርሃን ቅንጣት ነው። እሷ ግን ሁለት ቅንጣቶች በአንድ ቅጽበት አብረው ከደረሱ፣ ለየብቻ የማይችሉትን አብረው ሊከፍቱ ይችላሉ አለች። በተራ ብርሃን ይህ እጅግ አልፎ አልፎ ስለሚሆን በዘመኗ በሙከራ ሊያየው የቻለ አልነበረም። ሌዘር ከተገኘ በኋላ በ1961 ታየ፤ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ። እሷም ያን ሁሉ ዘመን አብዛኛውን ያለ ደመወዝ በየዩኒቨርሲቲው ሠርታለች። በ1963 ኖቤል የተሸለመችው በሌላ ሥራዋ፣ በአተም እምብርት ጥናት ነው።

ሁለት ቅንጣቶች አብረው መድረስ ካለባቸው፣ ብርሃኑ በጣም የተጨናነቀበት ቦታ ያስፈልጋል። በፌምቶሰከንድ ሌዘር ያ ቦታ የነጥቡ መካከል ብቻ ነው፤ ዳር ዳሩ ብርሃን ቢኖርበትም ሁለት ሁለት ሆኖ የሚደርስ የለም። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው ከብርሃኑ ነጥብ ባነሰች እምብርት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጃፓን አገር ኦሳካ የነበሩት ሳቶሺ ካዋታና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ ፈሳሽ ሙጫ ውስጥ አንድ በሬ ሠሩ። ቀንድና ጅራት ያለው፣ ጡንቻው ያበጠ በሬ። ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር፣ ቁመቱ 7 ማይክሮሜትር ነው፤ የአንድ ቀይ የደም ሴል ያህል። የተጠቀሙበት ብርሃን ሞገዱ 780 ናኖሜትር ነበር፤ የበሬው ጥቃቅን ዝርዝር ግን እስከ 120 ናኖሜትር ወርዷል። አቤ ተሸነፈ እንዳትሉ። ብርሃኑ አሁንም ከአቤ ድንበር በታች አልተሰበሰበም። ሙጫው ነው ከብርሃኑ እምብርት በቀር አልሰማም ያለው። (ለጋሼ ይህን ስነግረው «በሬው ያርሳል?» ብሎ ሲስቅብኝ ነበር።)

የእኔ ሥራ ከበሬው ያነሰ ውበት አለው፤ ግን ከብረት ጋር ነው። በ1965 በርንባውም የተባለ ተመራማሪ በሩቢ ሌዘር የተመታ ገጽ ላይ አንድ ነገር አስተዋለ። በተመታው ቦታ ላይ ማንም ያልሳላቸው፣ ትይዩ የሆኑ ጥቃቅን መስመሮች ተሰልፈዋል፤ ነፋስ በአሸዋ ላይ እንደሚተወው ዓይነት። የሚመጣው ብርሃንና በገጹ ላይ ተበትኖ የሚሮጠው ብርሃን ሲገናኙ፣ በአንዱ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ በሌላው ይጠፋፋሉ። የተደጋገፉበት ይቆፈራል። ስለዚህ የመስመሮቹ ርቀት ከብርሃኑ ሞገድ ጋር ይቀራረባል። እኔ ሞገዱ 1,030 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ስጠቀም መስመሮቹ በ900 ናኖሜትር ገደማ ይሰለፋሉ። አቅጣጫቸውን ብርሃኑ የሚወዛወዝበትን አቅጣጫ በመለወጥ ማዞር እችላለሁ። እኔ የማደርገው ብርሃኑን ማዘጋጀት ነው፤ መስመሩን የሚያሰምረው ብርሃኑ ራሱ ነው።

ለምን ይጠቅማል? የመዝሙር ሲዲ በታክሲ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ የቀስተ ደመና ቀለም እንደሚሰጥ አይታችኋል። ሲዲው ቀለም አልተቀባም፤ በ1.6 ማይክሮሜትር ርቀት የተሰለፉ ጥቃቅን መስመሮች ስላሉት ነው። የእርግብ አንገት አረንጓዴና ሐምራዊ የሚመስለውም ከላባው አሠራር ነው። ብረትም እንዲሁ ሳይቀባ ይቀለማል። ሮቸስተር ያሉት ቹንሌ ጉዎና ባልደረቦቻቸው አሉሚኒየምን ወርቅማ፣ ሌሎች ብረቶችን እንደ ከሰል ጥቁር አድርገዋል። በ2015 ውኃ ጨርሶ የማይዝበት፣ ነጠብጣቡ እንደ ኳስ ነጥሮ የሚሄድበት ብረት አሳዩ። በ2020 ደግሞ ከሁሉ ደስ ያለኝን፦ ውኃ በራሱ ሽቅብ የሚወጣበት ጥቁር አሉሚኒየም። ብረቱ ዘንበል ብሎ ወደ ፀሐይ ይዞራል፣ ከታች የቆሸሸ ውኃ ይጠጣል፣ የፀሐይዋን ሙቀት ይዞ ውኃውን ያተነዋል፣ እንፋሎቱ ንጹሕ ሆኖ ይሰበሰባል።

«እንዲህ ያለ ላሜራ እዚህ ቢመጣ!» አለኝ ጋሼ። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ግን እውነቱን መናገር ይሻላል። በ2015 ያ ውኃ የማይዝ ብረት ሲሠራ፣ በእያንዳንዱ ጎን 2.5 ሴንቲሜትር ለሆነች ቁራጭ አንድ ሰዓት ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ ሌዘሮቹ ፈጥነዋል፤ የእኔም ሥራ በከፊል ይህንኑ ማፋጠን ነው፤ ሆኖም አንድ ቆርቆሮ ጣራ የሚያህል መሥራት ዛሬም ውድ ነው። ስለ ሳይንስ ለወጣቶች ሲነገር ሁሉ ነገር ነገ ጠዋት የሚደርስ ተደርጎ ይነገራል። እኔ እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ ፊዚክስ መረጥኩ፤ መምረጤን አልጠላሁትም፣ ንግግሩን ግን አልወደውም።

ባለፈው ዓመት ጋሼ በመንገደኛ እጅ የመዳፍ ስፋት ያላት ላሜራ ላከልኝ፤ ከበር ሥራ የተረፈች ቁራጭ። አለሰለስኳት፣ አጠብኳት፣ ከሌዘሩ ሥር አኖርኳት። ስሙን ጻፍኩባት፤ የመጀመሪያው ፊደል ቀጥ ባሉ መስመሮች፣ ቀጣዩ በአግድም መስመሮች፣ እያልኩ። ስትዘነበል አንዱ ፊደል ሰማያዊ ሲሆን ሌላው ይጠፋል፤ ስትዞር የጠፋው ይበራል። በሚሄድ ሰው መልሼ ላክሁለት።

በቪዲዮ እየተያየን ከፈታት። ፀሐይ ላይ ይዟት ወጣ፣ አዘነበላት፣ ሳቀ። ከዚያ ግራ ዐይኑን ጨፍኖ በቀኙ ብቻ አያት። ሳቁ ቆመ።

የቀኝ ዐይኑን ታሪክ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ግራይንደር ሲይዝ ፍንጣሪ ገባችበት። ፍንጣሪዋ ወጣች፤ ቁስሉ ግን የዐይኑ ብሌን ላይ ነጭ ጠባሳ ትቶ ዳነ። በዚያ ዐይኑ የሚያየው በጉም ውስጥ እንደሚታይ ነው። «በዚህ በኩል ቀለሙ የለም» አለኝ፤ ቀጥሎም «ሌዘር ዐይን ያክማል ይባላል። ይህ ያንተው ሌዘር ነው?» አለ።

አያችሁ፣ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሳይጠይቀኝ ይዞት ነበር።

የእኔው ዓይነት ነው። እንዲያውም ወደ ዐይን የገባበት መንገድ በዚሁ ሙያ ውስጥ በሰፊው ይነገራል። በ1993 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ሙሩ በዚያን ጊዜ ይመራው በነበረው ቤተ ሙከራ፣ አንድ ተማሪ መስታወት ሲያስተካክል መከላከያ መነጽሩን ከፍ አደረገ፤ የፌምቶሰከንድ ምቶች ዐይኑ ውስጥ ገቡ። ወደ ዐይን ክፍል ተወሰደ። የመረመረው ሮን ከርትዝ የተባለ ወጣት ሐኪም ያየው ቁስል ግራ አጋባው። ቃጠሎዎቹ ጥቃቅን፣ ንጹሕ፣ በመርፌ የተወጉ ይመስሉ ነበር፤ ዙሪያቸው አልተነካም። «ምን ዓይነት ሌዘር ነው?» ብሎ ቤተ ሙከራውን ጠየቀ። ከዚያ ጥያቄ የተነሣው ሥራ ዛሬ በብዙ አገር የዐይን ብሌን በምላጭ ፈንታ በፌምቶሰከንድ ብርሃን እንዲቆረጥ አደረገ። ሙቀቱ ሳይሰማ።

ለጋሼ ግን የተለመደው የሌዘር ሕክምና አይሆነውም። መነጽር ለማስጣል የሚሠራው ሥራ የጤነኛን ብሌን ቅርጽ ማስተካከል ነው። ጠባሳው ጠልቆ ሲገባ ግን ብሌኑ ራሱ መለወጥ አለበት፤ ከሞተ ሰው በተለገሠ ብሌን። ሌዘሩ እዚያም ያግዛል፤ ጠርዙን ያሳምራል። ግን ያለ እሱም ይሠራል። የመጀመሪያው የተሳካ የብሌን ንቅለ ተከላ የተደረገው በ1905 ነው፤ ኤድዋርድ ዚርም በተባለ ሐኪም፣ ዛሬ ቼክ በምንለው አገር። ከሌዘር 55 ዓመት በፊት ማለት ነው። በአገራችንም የዐይን ባንክ አለ፤ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ንቅለ ተከላው ይሠራል።

ስለዚህ አልኩት፦ «ጋሼ፣ አንተ የሚያስፈልግህ የእኔ ሌዘር አይደለም። ለጋሽ ነው።» ከባድ ዐረፍተ ነገር ነው። ትምህርት ቤት የላከኝ ሰው፣ የተማርኩት ነገር ለዐይኑ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ «አይደርስም» አልኩት። እሱ ግን ቅር አላለውም። «እሺ፣ ቁርጡን ማወቅ ጥሩ ነው» አለና አዲስ አበባ ሄዶ ተመረመረ፤ ስሙም ተመዘገበ።

የወጣቶች ኅብረቱ ይህን ሲሰማ በጸሎት ርዕስ ላይ ሊያስገባው ፈለገ፤ «ለወንድማችን ለጋሽ እንዲገኝ» ተብሎ። ጋሼ እምቢ አለ። «ሰው እንዲሞት ጸልዩልኝ ልበል?» አላቸው። መሪያቸው ደውሎ እኔን ጠየቀኝ፤ የተማርኩ ነኝና መልስ አለው ብሎ። አልነበረኝም። የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ አገር በኪስ የሚያዝ የለጋሽ ካርድ አለ፣ ሞልቼ ከመታወቂያዬ ጋር አኑሬዋለሁ። በማግስቱ ከኅብረቱ ሁለት ልጆች የዐይን ባንኩን የቃል ኪዳን ወረቀት የት እንደሚያገኙ ጠየቁ። አንዷ እናቷ ተቆጥታለች፤ ጉዳዩ በቤታቸው ገና አላለቀም።

ጋሼ አሁንም እየጠበቀ ነው፤ እየሠራም ነው። ባለፈው ሳምንት ሲደውል ስለ ዐይኑ አላነሣም። «ያቺ ላሜራ ዳር ዳሯ መዛግ ጀመረች። የስሜ መጨረሻ ፊደል ጠፍቷል» አለኝ። እውነት ነው፤ መስመሮቹ ጥልቀታቸው ጥቂት መቶ ናኖሜትር ነው፤ ተራ ብረት ላይ ዝገት በጥቂት ወር ይበላቸዋል። «በስቴንለስ ላይ ብትሠራውስ?» አለ። በስቴንለስ ይቆያል አልኩት። ቁራጭ አለኝ፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ነው፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ሰው አለ፣ ይበቃል ወይ አለኝ።

ይበቃል፣ ላከው አልኩት።